ፀሐይ ላይ የተቀመጥኩ ዕለት

የዚያን ዕለት ጠዋት መርካቶ ውስጥ ያዩኝ ሰዎች ያበድኩ መስሏቸው ነበር። አልፈርድባቸውም። ቆዳዋም ፀጉሯም ነጭ የሆነ ሴት፣ ባርኔጣዋን አውልቃ፣ ፊቷን ቅባት ተቀብታ፣ ሱቋ በር ላይ ዱካ አውጥታ ፀሐይ ፊት ለፊት ተደላድላ ብትቀመጥ ማን ጤነኛ ናት ይላል? እኔ ራሴ ባልፍ ኖሮ ቆሜ አይ ነበር።

ስሜ ሰናይት ነው። አልቢኒዝም ይዤ ነው የተወለድኩት። ከአንዋር መስጊድ አለፍ ብሎ ካሉት መደዳ ሱቆች በአንዷ ውስጥ ክር፣ ቁልፍ፣ ዚፕ፣ መርፌና መቀስ እሸጣለሁ። ደንበኞቼ ልብስ ሰፊዎች ናቸው። በስሜ የሚጠራኝ ጥቂት ነው፤ ሰፈሩ “ፈረንጇ” ይለኛል። “ዚፑን ከፈረንጇ አምጣ” ይባላል። መጀመሪያ ያመኝ ነበር፤ በኋላ ለመድኩት፤ ከዚያ ደግሞ መልመዴ ራሱ ያናድደኝ ጀመር።

ያን ጊዜ ኑሮዬ በሙሉ በጥላ ውስጥ ነበር። ሱቄን የምከፍተው ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ የምወጣው ስታዘቀዝቅ ነው። ምሳ እንኳ ለመብላት መንገድ አልሻገርም። ረጅም እጅጌ፣ ሰፊ ባርኔጣ፣ ጥቁር መነጽር፣ ጃንጥላ። ይህን ሕግ ያወጣችው እናቴ ናት። እማዬ እህል በረንዳ ምስርና ሽሮ ክክ ትቸረችራለች፤ ሰዎች እትዬ ባንቺ ይሏታል። ከጎጃም ስትመጣ ሁለት ነጫጭ ልጆች ይዛ ነበር የመጣችው፤ እኔንና ታላቄን ታደሰን። አባታችን እኛን አይቶ ነው አሉ የሄደው። እሷ ግን አንድ ቀን እንኳ አላፈረችብንም፤ ፈራችልን እንጂ።

ታደሰ የእሷን ሕግ የሚሰማ ልጅ አልነበረም። ታክሲ ላይ ረዳት ሆነ። ቀኑን ሙሉ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ “ጦር ኃይሎች! ጦር ኃይሎች!” ሲል ይውላል። አንገቱ ላይ ቁስል ወጣ፤ አልድን አለ። እማዬ ጨነቃት፤ ሰው ነገራትና ቁስል የሚያቃጥል አንድ ሰውዬ ዘንድ ወሰደችው። ሰውዬው ምን እንደቀባው አላውቅም፤ የታደሰ ጩኸት ግን እስከ ዛሬ ጆሮዬ ውስጥ አለ። ላይ ላዩን ደረቀ፤ ተደሰትን። ከሥር ግን ይቆፍር ኖሯል። ሐኪም ቤት ስንደርስ “ካንሰሩ ርቆ ሄዷል” አሉን። በዚያው ዓመት ቀበርነው።

ከዚያ በኋላ እማዬ ፀሐይን እንደ ሰው ነበር የምትጠላት። “ልጄን የበላች” ትላታለች። እኔን ሱቅ ውስጥ ትታኝ ስትሄድ እንኳ ሁለቴ ዞራ ታየኛለች፤ ፀሐይ ተከትላኝ እንዳትገባ የፈራች ይመስል።

ታዲያ በአንድ ክረምት ማብቂያ ላይ ግንባሬ ላይና በጉንጮቼ አጥንት በኩል የሆነ ሻካራ ነገር አገኘሁ። ስዳስሰው የብርጭቆ ወረቀት ይመስላል። ብፍቀው ይመለሳል። ምን እንደሆነ ማንም እንዲነግረኝ አላስፈለገኝም። ለእማዬ ሳልናገር፣ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ አንድ ፎቅ ላይ ያለ የቆዳ ክሊኒክ ሄድኩ።

ሐኪሟ ዶክተር ሜሮን ትባላለች፤ በዕድሜ እኩያዬ ናት። በማጉያ መነጽር ፊቴን አንድ በአንድ አየችው፤ ጆሮዬ ጀርባም እኔ ያላየሁት አንድ አገኘች፤ ከአንዱ ቁራጭ ወስዳ አስመረመረች። ውጤቱ ሲመጣ አስቀምጣ ነገረችኝ።

“አብዛኞቹ ካንሰር ለመሆን መንገድ የጀመሩ ናቸው። ገና አልደረሱም። አሁን ከያዝናቸው እንቀድማቸዋለን።”

“ልታቃጥሉት ነው?” አልኳት። የመጣልኝ እሱ ብቻ ነበር።

“አይደለም” አለች። “ታውቂያለሽ፣ ትምህርቴን ስጨርስ ጥናቴን የሠራሁት በዚሁ ነገር ላይ ነው። ሁለት ዓይነት አሟሟት አለ። ሴል ሲቃጠል ይፈነዳል፤ ውስጡ ያለው ሁሉ ይፈስሳል፤ ዙሪያው ይቆጣል፣ ይቆስላል። ሌላው አሟሟት ግን በሥርዓት ነው። እያንዳንዱ ሴል ውስጥ ካስፔዝ የሚባሉ ኢንዛይሞች አሉ። ሥራቸው መቁረጥ ነው።”

“እንደ መቀስ?”

“እንደ መቀስ። ግን አፋቸው ታስሮ ነው የሚቀመጡት። የሴሉ ጊዜ ሲያበቃ የመጀመሪያው ይፈታል፤ እሱ ሌላውን ይፈታል፤ ያም ሌላውን። ከዚያ ሴሉን ከውስጥ ቆራርጠው በትንንሹ ይጠቀልሉታል፤ ጎረቤት ሴሎች ያጸዱታል። ጠባሳ የለ፣ መግል የለ። ገላሽ ውስጥ አሁንም እየሆነ ነው። ችግሩ ካንሰር ሊሆን የተነሳ ሴል መሞትን እምቢ ይላል። ማሰሪያውን ያጠብቀዋል፤ መቀሶቹ እንዳይፈቱ።”

“እምቢ ካለ ማን ይፈታቸዋል?”

ዶክተር ሜሮን ወደ መስኮቱ ተመለከተች። ቀጥሎ የምትለው ነገር ለእኔ ምን ማለት እንደሆነ ገብቷታል።

“ብርሃን” አለች።

ሳቅሁ። የምሬት ሳቅ ነበር። “ዶክተር፣ እኔን አይተሽኛል? ወንድሜን የገደለውኮ እሱ ነው።”

አልተቆጣችም። ወንበሯን ሳብ አድርጋ አጠገቤ ተቀመጠች። እንዲህ ነው ያስረዳችኝ፦ አንድ ቅባት አለ። ቆዳ ላይ ሲቀባ የሴሉ የራሱ ኢንዛይሞች ተቀባብለው ብርሃን የሚይዝ ነገር ያደርጉታል። ጤነኛው ሴል ቶሎ ለሌላ ጥቅም ያውለውና ይገላገለዋል፤ የታመመው ግን ያጠራቅመዋል። ብርሃን ሲያርፍበት ያ የተጠራቀመው ነገር በአጠገቡ ያለውን ኦክስጅን ያስቆጣዋል፤ የሴሉን ኃይል ማመንጫ ይመታዋል። ከዚያ የሚያፈተልከው መልእክት የታሰሩትን መቀሶች ይፈታቸዋል።

“የሚያቃጥልሽ የፀሐይ ክፍል ሌላ ነው፤ ዓይን አያየውም” አለችኝ። “እሱን የሚከለክል ሌላ ቅባት ቀድመን እንቀባሻለን። ለዓይን የሚታየው ብርሃን ግን ያልፋል። የሚሠራልን እሱ ነው። ለዚህ የተሠራ ልዩ መብራት ያላቸው ቦታዎች አሉ፤ እኛ የለንም። ግን መብራቱ በአንዴ ሲያፈስበት ያማል። አንዳንዱ ሴልም መቀሶቹ ሳይደርሱለት ይፈነዳል። የቀን ብርሃን ግን ቀስ እያለ፣ እየቆነጠረ ነው የሚሠራው። ሁለት ሰዓት መቀመጥ ብቻ ነው።”

“የት?”

“ውጪ። ሰማይ ሥር።”

ቅባቱ አገር ውስጥ አይገኝም ነበር። በስንት ልመና አንድ ቱቦ ብቻ ነው በሰው እጅ የመጣላት። አንዴ ከተከፈተ ይበላሻል። ስለዚህ ዕድሉ አንድ ነው።

ቀጠሮው በጥቅምት ነበር። ሰማዩ ጠርቷል። ለእማዬ “ጠዋት ዕቃ ላመጣ ነው” ብያት ወጣሁ።

ዶክተር ሜሮን መጀመሪያ ፊቴን፣ ጆሮዬን፣ አንገቴንና እጆቼን በመከላከያው ቅባት ሸፈነች። ቆየት ብላ ሻካራዎቹን በቀስታ ፋቀቻቸው፤ ትንሽ ደማ። ከዚያ ያቺን አንድ ቱቦ ከፍታ ቀባችኝ። “ከአሁን ጀምሮ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ብርሃን ላይ መሆን አለብሽ” አለች። አስቀድማ ያሰበችው የሕንጻውን ጣሪያ ነበር። የውኃ ታንከር ብቻ ያለበት፣ ሰው የማያይበት ቦታ።

ደረጃውን ወጥተን በሩ ጋ ስንደርስ ጥበቃው እጁን ዘርግቶ ቆመ።

“ዛሬ አይቻልም ዶክተር። አርማታ እየተሞላ ነው።”

“ትናንት ተነጋግረን አልነበር?”

“ትናንትማ ሲሚንቶው አልመጣም ነበር።”

በበሩ ክፍተት አየሁ። ጣሪያው በሙሉ ብረትና ጣውላ ነው፤ ሠራተኞች በባልዲ ይቀባበላሉ። ወደ ታች ሮጥን። ግቢው መኪና የታጨቀበት ሲሆን ከዳር እስከ ዳር ፎቁ አጥልቶበታል። ዶክተር ሜሮን ወዲያ ወዲህ አለች። ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደናገጥ አየኋት።

“ሱቄ በር ላይ” አልኳት። “ጠዋት ሙሉ ፀሐይ ነው። እኔ የማልወጣበት ስለሆነ በደንብ አውቀዋለሁ።”

“መርካቶ መሀል? ሰው አይረብሽሽም?”

“ይረብሸኛል።”

“ታዲያስ?”

“ይረብሸኛ!”

ጃንጥላዬን ዘርግተን በእግራችን ገሰገስን። ታክሲ ብንይዝ እዚያው መንገድ ላይ እንቀር ነበር። “መንገድ! መንገድ!” የሚሉ ተሸካሚዎችን እየተከተልን፣ እነሱ በከፈቱት ቀዳዳ እየሾለክን ደረስን። ዱካዬን አወጣሁ። ዶክተር ሜሮን ባርኔጣዬን ከራሴ ላይ ራሷ አነሳችው። መነጽሬን ተወችልኝ።

“ክሊኒክ ታካሚ ይጠብቀኛል። ሲያልቅ መጥቼ አጥብልሻለሁ። የሆነ ነገር ከተሰማሽ ደውይ። አንድ ነገር ብቻ አደራ፤ ጥላ እንዳያርፍብሽ።”

ጥላ እንዳያርፍብሽ! ዕድሜ ልኬን የዚህን ተቃራኒ ስሰማ ኖሬ።

ብቻዬን ቀረሁ። አእምሮዬ የተነገረኝን ያውቃል፤ ገላዬ ግን አያውቅም። ገላዬ የሚያውቀው “ሩጪ፣ ግቢ” የሚለውን ብቻ ነው። ዱካውን በሁለት እጄ ጨብጬ ዓይኔን ጨፈንኩ። የዓይኔ ቆብ ውስጡ ቀላ። ፊቴ ላይ ሙቀት አረፈ፤ ቀጥሎም የተቀባሁበት ቦታ ሁሉ በመርፌ ጫፍ እንደሚነካ ጠቅ፣ ጠቅ ማድረግ ጀመረ። ‘መቀሶቹ እየተፈቱ ይሆን?’ ብዬ አሰብኩ። ዶክተሯ ያ ሥራ ሰዓታት እንደሚፈጅ ነግራኝ ነበር፤ ግን እንደዚያ ማሰቡ ደስ አለኝ።

ሰው መሰብሰብ ጀመረ።

“ፈረንጇ ምን ሆነች?”

“ሞዴል ልትሆን ነው መሰለኝ!”

“ኧረ አንሷት፣ ትሞታለች! እነሱ ፀሐይ አይችሉም።”

“ስለት ይሆናል።”

በስተቀኜ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ ያላቸው ጋሼ ከድር ወጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ በዚያ መደዳ ከሁሉ በፊት የነበሩ። “ሰናይት ልጄ፣ ደህና ነሽ?” አሉኝ። በስሜ ከሚጠሩኝ ጥቂቶች አንዱ ናቸው።

“ደህና ነኝ ጋሼ። ሕክምና ነው። ሐኪም ነው ያዘዘኝ።”

“ፀሐይ?”

“ፀሐይ።”

ጢማቸውን ዳበሱ። “ሐኪም ካለ ሐኪም ነው” ብለው ወንበራቸውን አውጥተው በራቸው ላይ ተቀመጡ። ጠባቂ እንዳገኘሁ ቆጠርኩት። በግራ በኩል ያለው ብርድ ልብስ ነጋዴ ተካልኝ ግን ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጎ ሲያወራ ሰማሁት። “እትዬ ባንቺ፣ ልጅዎ ፀሐይ ላይ ተቀምጣለች። እኔ እንጃ፣ ራሷን የሳተች ትመስላለች። ቶሎ ይምጡ።”

ክፉ አልነበረም። ያዘነልኝ መስሎት ነው። ግን የዚያን ዕለት የፈራሁት አንድ ሰው ቢኖር እማዬን ነበር፤ እሷንም ጠራልኝ።

እማዬ ስትመጣ ገና ሳላያት ድምፅዋን ሰማሁ። “ልቀቁኝ! ዞር በሉልኝ!” ሕዝቡን ገፍታ ገባች። ከእህል በረንዳ ድረስ ሮጣ ነው የመጣችው፤ ደረቷ እንደ ወናፍ ይላል፤ እጇ ላይ የምስር አቧራ አለ። ምንም ሳትናገር ነጠላዋን ገፍፋ ራሴ ላይ ጣለችው።

ጨለመ። የእናቴ ሽታ ከበበኝ። ለአንድ አፍታ፣ እውነቱን ልናገር፣ እዚያው መቅረት አማረኝ።

ከዚያ ነጠላውን ገፍፌ ጭኔ ላይ አደረግሁት።

“እማዬ፣ አታልብሺኝ። ሕክምና ነው።”

“ምን ሕክምና! ማን ነው ልጄን ለበላችው አሳልፎ የሚሰጥሽ? ተነሽ! ግቢ!”

“አልነሳም።”

ሕዝቡ “ኧረ!” አለ። እናትን በአደባባይ “አልነሳም” ማለት እንደ ስድብ ነው። እማዬም ለአፍታ ደንግጣ አየችኝ። ከዚያ ያላሰብኩትን አደረገች። ዞር አለችና በእኔና በፀሐይዋ መካከል ቆመች። እጆቿን ዘረጋች። ጥላዋ ፊቴ ላይ፣ ደረቴ ላይ አረፈ። ዱካዬን ወደ ግራ ሳብኩ፤ ተከተለችኝ። ወደ ቀኝ ሳብኩ፤ ተከተለችኝ። ያቺ አጭር ሴት የቻለችውን ያህል ሰፍታ ቆማለች።

“እስክሞት አልነሳም ብላለች፤ እኔም አልሄድም” አለች ለሕዝቡ። እንባዋ ይወርዳል።

ጊዜዬ እየሄደ ነው። ቅባቱ አንድ ነው። ዶክተር ሜሮን ጋ ደወልኩ፤ አታነሳም። እናቴን መግፋት አልችልም። መጮህም አልፈለግሁም።

ጋሼ ከድር ከወንበራቸው ተነሡ። “እትዬ ባንቺ፣ እንደ ወንድም ልለምንዎ። ልጅቱ ትናገር። ከዚያ የፈለጉትን ያድርጉ።”

እማዬ ከቦታዋ አልተንቀሳቀሰችም፤ ግን እጆቿን አወረደች። እኔም ከተቀመጥኩበት ሆኜ ተናገርኩ። ያን ያህል ሰው ፊት በሕይወቴ ተናግሬ አላውቅም።

“እማዬ፣ ታደሰ የያዘው ነገር እኔም ላይ ጀምሯል።”

ፊቷ ተለወጠ። እንዲህ ነበር መንገር ያልፈለግሁት።

“ግንባሬ ላይ ነው። ጉንጬም ላይ። ገና አልቆፈረም። ያ ሰውዬ ታደሰን አቃጠለው፤ ትዝ ይልሻል? የተቃጠለው ላዩ ነው። የታመመው ሥጋ ቆሰለ፣ ተቆጣ፣ ሥሩ ግን እዚያው ነበር። ይኼ ማቃጠል አይደለም። የታመመው ሴል ውስጥ የራሱ መቀሶች አሉ። ልሙት ብሎ ራሱን የሚቆራርጥባቸው። እምቢ ብሎ አፋቸውን አስሯቸዋል። የተቀባሁት መድኃኒት እሱ ውስጥ ብቻ ተጠራቅሟል፤ ብርሃን ሲነካው መቀሶቹን ይፈታቸዋል። ከዚያ በራሱ እጅ ይሞታል። ጤነኛው ግን ይቀራል። ገባሽ? ፀሐይዋ እኔን እንድታቃጥለኝ አይደለም የተቀመጥኩት። እሱን እንድታስገድደው ነው።”

“ብታቃጥልሽስ?”

“የሚያቃጥለውን የሚከለክል ሌላ ቅባት ከሥር አለ። ነይ እይው።”

ቀረበች። በጣቷ ጫፍ ጉንጬን ልትነካ ብላ ተወችው።

“ለምን ደበቅሽኝ?” አለች በቀስታ። ይኼን ለእኔ ብቻ ነው ያለችው።

“እንዲህ እንደምትሆኚ ስለማውቅ። እማዬ፣ እስካሁን የኖርኩት አንቺ ስለሸፈንሽኝ ነው። አውቃለሁ። ዛሬ ግን ከሸፈንሽኝ ታደሰን ትደግሚዋለሽ።”

ከአፌ ሲወጣ ጭካኔው ተሰማኝ። ግን አልመለስኩትም። እውነት ነበር፤ ጊዜም አልነበረኝም።

እማዬ ቀና አለች። ቆይታ ወደ ጎን አንድ እርምጃ ተራመደች። ፀሐይዋ ፊቴ ላይ ተመለሰች። እማዬም አጠገቤ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ ነጠላዋን ከጭኔ ላይ አንሥታ አፏ ላይ ያዘችው። አላየችኝም። የሰማችኝ፣ ያመነችኝ እንዳይመስላችሁ፤ ያን ዕለት ያደረገችው ከማመን ይከብዳል። እየፈራች ለቀቀችኝ።

ሕዝቡ መበተን ጀምሮ ነበር፤ አንድ አይሱዙ እየጮኸ ወደ መደዳችን ሲገባ። ለተካልኝ የመጣ የብርድ ልብስ ቦንዳ ነው፤ እስከ ጫፉ ተቆልሏል። ማራገፊያው የተካልኝ በር ነው፤ ማለትም የእኔ ፊት ለፊት። መኪናው ገብቶ ቢቆም አንድ ጭላንጭል አይደርሰኝም።

“ተካልኝ” አልኩት። “ትንሽ ጊዜ ነው የቀረኝ። ጥግ ላይ ያራግፉልህ።”

“ምን ነካሽ ሰናይት? ከጥግ እስከዚህ በሸክም? መኪናው ቆሞ ሊውል ነው እንዴ? አንቺ ወንበርሽን ይዘሽ ወዲያ ሂጂ እንጂ።”

ወዲያማ የጎረቤት ፎቅ ጥላ ነው። መልስ ለመስጠት አፌን ስከፍት እማዬ ተነሣች። አቧራዋን እንኳ አላራገፈችም። መሀል መንገድ ላይ ሄዳ አይሱዙው አፍንጫ ሥር ቆመች።

ሾፌሩ አንገቱን አወጣ። “እናት፣ ይለፉኝ! ሥራ ላይ ነን!”

“እኔም ሥራ ላይ ነኝ” አለች እማዬ።

“ምን ሥራ?”

“ልጄ ፀሐይ እየሞቀች ነው። ጥላ የሚያጠላባት የለም!”

መንገዱ ላይ ሳቅ ፈነዳ። ተሸካሚዎቹ ሳቁ፣ ጋሼ ከድር ሳቁ፤ ቅድም “ልጄን የበላች” ስትል የሰሟት ሁሉ ሳቁ። እማዬ ግን አልሳቀችም። ወገቧን ይዛ ቆማለች። ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ፤ እሷ ንቅንቅ የለም።

“ተካልኝ!” አለች ሳትዞር። “እኔን ስትጠራኝ ለልጄ አስበህ ነው አይደል? በል አሁንም አስብላት።”

ተካልኝ ጭንቅላቱን አሸት አደረገና ለተሸካሚዎቹ እጁን ወደ ጥጉ አመለከተ። እነሱም ቦንዳውን በጀርባቸው እያመላለሱ አራገፉ። በእኔ ፊት ሲያልፉ ጥላቸው እንዳይነካኝ ጎንበስ ይሉ ነበር። ያልኳቸው ነገር የለም፤ እማዬን ፈርተው ነው።

ትንሽ ቆይቶ ዶክተር ሜሮን እየሮጠች መጣች። የደወልኩትን አይታ ክፉ ነገር መስሏት ነበር። ሁኔታውን አየች፦ መሀል መንገድ ላይ የቆመች ሴት፣ ጥጉ ላይ የቀረ አይሱዙ፣ ፊቷን ወደ ሰማይ የሰጠች እኔ። ሰዓቷን ተመለከተች።

“በቃ፤ ጨርሰሻል” አለችኝ።

ወደ ውስጥ አስገብታ ፊቴን አጠበችልኝ። ሁለት ቀን ቤት ውስጥ፣ ከመስኮት ርቄ መቀመጥ እንዳለብኝ ስትነግረኝ እማዬ ከበሩ ላይ ሆና “እሱን ለእኔ ተይው” አለች። ከዚያ ዶክተሯን ክንዷን ያዘቻትና ስለነዚያ መቀሶች ከመጀመሪያው ጀምሮ እንድትደግምላት አደረገች። ሁለቴ።

እንግዲህ የሆነው ይኼ ነው። በማግስቱ ፊቴ ቲማቲም መሰለ። በሳምንቱ ቅርፊቱ ረገፈ። ሥሩ ያለው ቆዳ ለስላሳ ነበር፤ ጠባሳም አልተወም። ከሁለት ወር በኋላ ዶክተር ሜሮን በዚያው ማጉያ መነጽሯ አየችኝ። አብዛኞቹ የሉም። ግንባሬ ላይ አንዱ ቀርቷል፤ ቅባቱ ሲገኝ ይደገማል። ጆሮዬ ጀርባ ላይ ያለው ግን ከጠበቅነው በላይ ወደ ውስጥ ወርዶ ተገኘ፤ ብርሃን አይደርስበትም፤ በቢላ ይወጣል። የነገረችኝ በግልጽ ነው። ተአምር አልሆነልኝም፤ ተአምርም አልጠየቅሁም። እሱን የምቀድምበት ዕድል ነው የጠየቅሁት።

ስለዚህ ከፀሐይ ጋር የታረቅሁ አይምሰላችሁ። አልታረቅሁም። ዛሬም ባርኔጣዬን አደርጋለሁ፣ መከላከያዬን እቀባለሁ፣ እኩለ ቀን ላይ አልወጣም። እንደ እኔ ያላችሁ፣ ይህን አንብባችሁ “ፀሐይ መድኃኒት ነው አሉ” ብላችሁ እንዳትወጡ፤ ያለ ሐኪም፣ ያለ መድኃኒቱ፣ ፀሐይ ያው ገዳያችን ናት። ሻካራ ነገር ስታገኙ ግን አትደብቁ። ቁስል ለሚያቃጥል ሰው ፊታችሁን አትስጡ። ቶሎ ሂዱ፤ አሳዩ።

የተለወጠው ሌላ ነው። ያን ዕለት መርካቶ በሙሉ አየኝ፤ ሳቀብኝ፣ አዘነልኝ፣ ተሳለቀብኝ፤ እኔም አልተነሳሁም። ከዚያ በኋላ ሰው ሲያየኝ ዓይኔን የምሰብርበት ምክንያት አጣሁ። “ፈረንጇ” ሲሉኝ “ሰናይት” ብዬ አርማለሁ። አንዳንዱ ይሰማል፣ አንዳንዱ አይሰማም፤ ለማይሰማው ክር አልሸጥለትም። እማዬ “ደንበኛ ታባርሪያለሽ” ትለኛለች። ይባረር።

እናንተም እንደ እኛ ያለ ልጅ የወለዳችሁ ካላችሁ፣ አንድ ነገር ልበላችሁ። ልጃችሁን ከፀሐይ ጠብቁት፤ ከሰው ግን አትደብቁት። ጥላ የሚያስፈልገው ቆዳው ነው፤ ስሙ አይደለም።

የጆሮዬ ቀዶ ሕክምና በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ሱቄን ተዘግቶ ብታገኙት “ፈረንጇ ሞተች” ብላችሁ እንዳታወሩ። አልሞትኩም። ቆርጠውልኝ ተኝቼ ነው። ሰኞ እከፍታለሁ።